ጃፓኖች ዝም ያሉት ፈቅደው ነው? የአኒሜ አድናቂ ሥራና የቅጂ መብት

ቀለም_በጥብጥ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቅጂ መብት የሚነሳ ጥያቄ እዚህ ሁሌም «ያስቀጣል ወይስ አያስቀጣም» ተብሎ ተጠይቆ በአንድ መስመር ይዘጋል። በዚህ ክር ግን ጉዳዩን ከሥሩ የምታውቁ እንድታብራሩልን እፈልጋለሁ። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ቶኪዮ ውስጥ በዓመት ሁለቴ በሚካሄደው ኮሚኬት የተባለ የአድናቂዎች ገበያ ላይ አድናቂዎች የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያትን ሥለው ዶጂንሺ (በራሳቸው ወጪ የሚያትሙት መጽሐፍ) ያሳትማሉ፣ በአደባባይም ይሸጣሉ። አሳታሚው ያያል፣ ፖሊስም ያያል። ተፈቅዷል ማለት ነው?

ሁለተኛ፣ ለአንድ አኒሜ የአማርኛ ሰብታይትል ሠርቶ በቴሌግራም ማጋራት፣ ገንዘብ እስካልተጠየቀበት ድረስ ችግር አለው?

ሦስተኛ፣ አንድ ሙሉ ሲዝን በአማርኛ ተርኮ በ15 ደቂቃ ዩቲዩብ ላይ ማቅረብ። ምስሉ ከአኒሜው ነው፣ ድምፁ የተራኪው። ስትራይክ (የዩቲዩብ የቅጂ መብት ቅጣት) የሚመጣው በምን ምክንያት ነው? ሲመጣስ ምን ይደረጋል?

የምትመልሱ ሁሉ፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ጨምሩበት። «ሰምቻለሁ» የሚለው አይጠቅመንም።

---

ባለ_አንቀጽ

በመጀመሪያው ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አልተፈቀደም። አለመከሰስ ሌላ ነው፣ መፈቀድ ሌላ። የጃፓን የቅጂ መብት ሕግ በ1970 የወጣው ሕግ ቁጥር 48 ነው። አንቀጽ 21 የማባዛት መብትን፣ አንቀጽ 27 የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለባለቤቱ ይሰጣል። አንቀጽ 20 ደግሞ ሥራው ያለ ደራሲው ፍላጎት እንዳይለወጥ የሚጠብቅ የሞራል መብት ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ዶጂንሺ ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም ይነካል። ጃፓን እንደ አሜሪካ «ፌር ዩዝ» የሚባል፣ በአግባቡ ከሆነ ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅድ ሰፊ በር የላትም፣ እንደ ፈረንሳይ ለፓሮዲ (አስመስሎ ለመቀለድ) የተለየ አንቀጽም የላትም። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የፎቶግራፍ ፓሮዲ ላይ ሲወስን ሥራው ቀልድና ትችት መሆኑ አላዳነውም።

ታዲያ ኮሚኬት ከ1975 ጀምሮ እንዴት ጸንቶ ቆየ? መልሱ ያለው አንቀጽ 123 ውስጥ ነው። በጃፓን የቅጂ መብት ወንጀል በመሠረቱ የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። የእኛ የወንጀል ሕግም ይህን ዓይነት ወንጀል ያውቃል። ዓቃቤ ሕግ በራሱ ተነስቶ ክስ አይመሠርትም፤ የመብቱ ባለቤት «ተበድያለሁ» ብሎ ማመልከት አለበት። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሚሊዮን የን፣ ወይም ሁለቱም ነው። ቅጣቱ ከባድ ቢሆንም ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ነው። አሳታሚዎቹ ደግሞ ቁልፉን የማያወጡት ምክንያት አላቸው። የዛሬ ዶጂንሺ ሠዓሊ የነገ የመጽሔታቸው ሠዓሊ ነው፤ ዶጂንሺ የሚገዛውም ሰው ዋናውን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) አስቀድሞ የገዛ ነው።

ይህ ሥርዓት ሊፈርስ የተቃረበው ቲፒፒ በተባለው የፓሲፊክ አገሮች የንግድ ስምምነት ድርድር ጊዜ ነበር። ስምምነቱ አባል አገሮች ያለ አቤቱታም መክሰስ እንዲችሉ ይጠይቅ ነበርና የዶጂንሺው ዓለም በጣም ሠግቶ ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ግን ያለ አቤቱታ መክሰስን ለሦስት ነገሮች ድምር ብቻ ገደበው። ድርጊቱ ለጥቅም ወይም ባለቤቱን ለመጉዳት የተፈጸመ መሆን አለበት፤ በገንዘብ የሚቀርብን ሥራ ምንም ሳይለወጥ እንዳለ ማሰራጨት መሆን አለበት፤ የባለቤቱንም ገቢ አላግባብ የሚጎዳ መሆን አለበት። «እንዳለ» የምትለዋ ቃል ናት ዶጂንሺን ያዳነችው። ገጾቹን ስካን አድርጎ የሚለጥፍ ሰው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ራሱ የሣለ ግን አይገባም። የቅጂ መብት ዘመንም በዚያው ቀን ከ50 ወደ 70 ዓመት አድጓል።

---

የሺ_ማንጋ

ጋሼ፣ «ገጸ ባሕርይ የቅጂ መብት የለውም» የሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ ይባላል። እሱ ከሆነ ልብሱንና ፀጉሩን ቀየር አድርጎ መሣል ነፃ ያወጣል ማለት ነው?

---

ባለ_አንቀጽ

ውሳኔው አለ፣ የሚወራው ግን ግማሹ ነው። በሐምሌ 1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፖፓይ ክራባት ጉዳይ ያለው፣ ገጸ ባሕርይ ከሥዕሉ ተነጥሎ ሲታሰብ ረቂቅ ሐሳብ ስለሆነ በራሱ «ሥራ» አይባልም ነው። ያልተባለው ግማሽ ደግሞ ይህ ነው፦ ገጸ ባሕርዩ የተሣለበት እያንዳንዱ የማንጋ ሥዕል ሥራ ነው። የአንተ ሥዕል ከዚያ ሥዕል የመጣ መሆኑ የሚታወቅበት መለያ ካለው፣ ከየትኛው ገጽ እንደተቀዳ በጣት ማሳየት ባይቻል እንኳ ማባዛት ነው። ስለዚህ ስም፣ ጠባይ፣ «በሰይፍ የሚዋጋ ወላጅ አልባ ልጅ» የሚለው ሐሳብ ነፃ ናቸው። የፊቱ ቅርጽ፣ ጠባሳው፣ ካባው ላይ ያለው ጌጥ ተደምረው ሰውየውን የሚያስለዩ ከሆነ ግን ነፃ አይደሉም። የፀጉር ቀለም መቀየር እዚህ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

የአሣሣል ስልት ጥያቄም መምጣቱ ስለማይቀር አብሬ ልመልሰው። ስልት አይጠበቅም። ዓይንን ትልቅ አድርጎ፣ ሰማዩን እንደዚያ ሰማያዊ አድርጎ መሣል የማንም ንብረት አይደለም። ስልቱን በራሱ ታሪክ ላይ የሚጠቀም ሠዓሊ ምንም የሚያሠጋው ነገር የለም።

---

ቡና_በወረቀት

በአክብሮት አልስማማም። ኮሚኬት ከ50 ዓመት በፊት በ32 ቡድንና 700 በሚያህል ሰው ተጀምሮ ዛሬ ቶኪዮ ቢግ ሳይት የተባለውን ትልቅ አዳራሽ ይሞላል። ይህን ያህል ዘመን ዝም ከተባለ ልማድ ሆኗል፣ ልማድ ደግሞ እንደ ፈቃድ ነው። የተከሰሰ ሰው ስም ጥሩልኝ።

---

ሚዶሪ_ከቦሌ

ስም አያስፈልግም፣ ጉዳዮቹ ይበቃሉ።

በ1999 መጀመሪያ አንዲት የፖኬሞን ዶጂንሺ ሠሪ ኒንተንዶ ባቀረበው አቤቱታ ታስራ 100,000 የን ተቀጥታለች። መጽሐፉ ለአዋቂዎች ብቻ የተሠራ ነበር፣ ፖኬሞን ደግሞ የልጆች ምርት ነው። እንዲህ ያለው ግጭት ሲኖር የባለቤቱ ትዕግሥት አጭር ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በቶኪሜኪ ሜሞሪያል ጉዳይ ወስኗል። ከጨዋታው ገጸ ባሕርያት የወሲብ ቪዲዮ ሠርቶ የሸጠው አድናቂ በማባዛትና በለውጥ ብቻ ሳይሆን የሞራል መብት በመጣስም ካሳ ከፍሏል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የዶራኤሞን «የመጨረሻ ክፍል» ነው። ዋናው ደራሲ በ1996 ሲያርፍ ታሪኩን ሳይቋጨው ነበር። በ2005 አንድ ሠዓሊ ፍጻሜውን በጥቂት ገጾች በዶጂንሺ ሠራው። ሥራው ጨዋ ነው፣ ጸያፍ ነገር የለበትም፣ አንባቢ የሚያለቅስበት ታሪክ ነው። ችግር የሆነው ሌላው ነበር፦ ወደ 13,000 ኮፒ ተሸጠ፣ ሽፋኑ ከእውነተኛው የማንጋ ጥራዝ ጋር በጣም ተመሳሰለ፣ በኢንተርኔት ሲዛመትም «እውነተኛው ፍጻሜ ይህ ነው» ብለው ያመኑ ሰዎች በዙ። በ2007 አሳታሚው ሾጋኩካንና የደራሲው ድርጅት ጠየቁት፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከሽያጩ የተወሰነውን ከፍሎ በስምምነት ተዘጋ።

ስለዚህ ቡና_በወረቀት፣ ልማዱ አለ፣ ግን ወሰን አለው። ብዛቱ፣ መደናገሩ፣ የምርቱን ስም የሚጎዳ ይዘት፣ ከዋናው ምርት ጋር በአንድ መደርደሪያ መሻማት፤ ከእነዚህ አንዱ ሲመጣ ዝምታው ያልቃል።

ለሚያትም ሰው ከዶራኤሞን ጉዳይ የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው። ሽፋኑ ላይ የዋናውን ሎጎና የአሳታሚውን የጥራዝ ዲዛይን አትጠቀም፤ የርዕሱን ፊደል ራስህ ሥራው። የመጀመሪያው እትም በአንድ ዝግጅት የሚያልቅ ይሁን፣ አለቀ ተብሎ በየወሩ አይታተም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጃፓኖች ኦኩዙኬ የሚሉት መረጃ ይግባ፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የታተመበት ቀን፣ የቡድኑ ስም፣ መገናኛ፣ ማተሚያ ቤቱ። የአድናቂ ሥራ መሆኑንና ከዋናው ባለቤት ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚገልጽ አንድ መስመር ይጨመር። ያ መስመር ከሕግ አያድንም፣ መደናገርን ግን ይቀንሳል።

---

ቡና_በወረቀት

ገባኝ። ግን ቀላሉ መንገድ ኢሜይል ጽፎ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም ወይ?

---

ገበታ_ሠሪ

ለአኒሜ ኢሜይል መልስ የማያገኘው በንቀት ምክንያት አይደለም። አብዛኛው የቴሌቪዥን አኒሜ የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም። «ሴይሳኩ ኢንካይ» የሚባል የአምራቾች ኮሚቴ ገንዘቡን ያዋጣል። አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ፣ የሙዚቃ ኩባንያው፣ አሻንጉሊት አምራቹ በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል የራሱን «መስኮት» ይይዛል፦ አንዱ የውጭ አገር ሽያጩን፣ ሌላው ዲስኩን፣ ሌላው ዕቃዎቹን። አኒሜውን የሣለው ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ እንጂ ባለቤት አይደለም። ማንጋው ደግሞ የደራሲው ነው። ለአንድ ቲሸርት «ይሁን» የሚል አንድ ሰው የለም፤ «አይሁን» ለማለት ግን አንዱ አባል ይበቃል። በጽሑፍ ከተጠየቁ እምቢ ማለት ግዴታቸው ይሆናል። ስላልተጠየቁ ነው ሳያዩ የሚያልፉት።

መውጫው አስቀድሞ የተጻፈ መመሪያ ያላቸውን ሥራዎች መምረጥ ነው። ሃትሱኔ ሚኩ የተባለችውን የኮምፒውተር ዘፋኝ ገጸ ባሕርይ ተመልከቱ። ክሪፕተን የተባለው ባለቤት ፒያፕሮ የሚል የገጸ ባሕርይ ፈቃድ አለው። ትርፍ የሌለውና ያለ ክፍያ የሚቀርብ ሥራ ሳትጠይቅ ትሠራለህ። ወጪህን ለመሸፈን ብቻ የምትሸጥ ከሆነ «ፒያፕሮ ሊንክ» በሚባለው መንገድ ታመለክታለህ። ትርፍ ከፈለግህ ውል ነው። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ለውጭ አገር ሰዎች ዋና ሥዕሎቹ በክሪዬቲቭ ኮመንስ የንግድ ያልሆነ ፈቃድ ቀርበዋል። ቶሆ ፕሮጀክት የተባለው ጨዋታም ለአድናቂ ሥራ ሰፊ መመሪያ አለው።

መመሪያ መኖሩ ግን ሁሉ ተፈቀደ ማለት አይደለም፣ መነበብ አለበት። ኡማ ሙሱሜ የተባለው ጨዋታ መመሪያ ወሲባዊና ጨካኝ ሥራን ለይቶ ይከለክላል፣ ምክንያቱም ገጸ ባሕርያቱ በእውነተኛ የእሽቅድምድም ፈረሶች ስም የተሰየሙ ናቸው፤ የፈረሶቹ ባለቤቶች ቅር ቢላቸው ጨዋታው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። መመሪያውን ስታነብብ አራት ነገር ፈልግ፦ «ግለሰብ» የሚለው ቡድንን ይጨምራል ወይ፣ መሸጥን ምን ብሎ ይተረጉማል፣ ዕቃና መጽሐፍን ይለያል ወይ፣ ከጃፓን ውጭ ይሠራል ወይ። የገጹን ቅጂ ከቀኑ ጋር አስቀምጥ፣ መመሪያ ይቀየራልና።

---

ቀለም_በጥብጥ

ዕቃና መጽሐፍን መለየቱ ለምን አስፈለገ? ቲሸርት ላይ ማተም ከ40 ገጽ መጽሐፍ ይቀላል እኮ።

---

ገበታ_ሠሪ

እህቴ፣ ችግሩ መቅለሉ ላይ ነው። ዶጂንሺ ከማንጋው ጋር አይሻማም፣ ምክንያቱም ሌላ ታሪክ ነው። ቲሸርት፣ የቁልፍ መያዣ፣ ፖስተር ግን ኮሚቴው ራሱ የሚሸጠው ነገር ነው። ያንን መስኮት ገንዘብ ከፍሎ የያዘ አባል አለ፤ የአንቺ ቲሸርት ከእሱ ቲሸርት ጎን ይሰቀላል። በዚያ ላይ ስሙና ሎጎው የንግድ ምልክት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላልና ሁለተኛ ሕግ ይጨመራል። ከኢንተርኔት የወረደ ዋናውን ሥዕል ማተም ደግሞ የአድናቂ ሥራ እንኳ አይባልም፣ ተራ ቅጂ ነው።

---

ሰብታይትል_ቤት

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ነው።

ትርጉም ራሱ የባለቤቱ መብት ነው፣ በጃፓን ሕግ አንቀጽ 27 ውስጥ በስሙ ተጠርቷል። ገንዘብ አለመጠየቅ ጉዳቱን ይቀንሳል፣ ጥሰቱን ግን አያጠፋም። «ቪዲዮውን አልነካሁም፣ ጽሑፉን ብቻ ነው የለቀቅሁት» የሚለው መከራከሪያም ተሞክሯል። በሚያዝያ 2017 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት የሰብታይትል አድናቂዎች ማኅበርና ብሬይን በተባለው የባለመብቶች ድርጅት መካከል በነበረው ክርክር የሰብታይትል ፋይል ብቻውን ጥሰት ነው ብሏል። ፋይሉ የድርሰቱ ንግግር ትርጉም ነዋ።

የድሮ ፋንሰበሮች (ሰብታይትል የሚሠሩ አድናቂዎች) ግን ሥነ ሥርዓት ነበራቸው፣ ሊረሳም አይገባም። በቪኤችኤስ ካሴት ዘመን ምስሉ ላይ «ለሽያጭና ለኪራይ አይደለም» ብለው ይጽፉ ነበር፤ አንድ አኒሜ በአገራቸው ፈቃድ ሲገዛ ማሰራጨት ያቆሙ ነበር። ያ ሚዛን የፈረሰው ቢትቶረንት የተባለው የፋይል ማጋሪያ ሲመጣ ነው፦ ከ50 ካሴት ወደ ብዙ ሺህ ማውረድ በአንድ ሌሊት። በታኅሣሥ 2004 ሚዲያ ፋክተሪ የተባለው የጃፓን ድርጅት ሥራዎቹ በፋንሰብ እንዳይሰራጩ በጠበቃ ደብዳቤ ጠየቀ። ዛሬ የአኒሜ ማሳያ መድረክ የሆነው ክራንቺሮል ራሱ በ2006 ሲጀመር ተጠቃሚዎች ያለ ፈቃድ የሚጭኑበት ገጽ ነበር። ከቲቪ ቶኪዮ ጋር ተዋውሎ በጥር 2009 ናሩቶ ሺፑደንን ጃፓን በተላለፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲያቀርብ ያልተፈቀደውን አወረደ። በ2021 የሶኒው ፈኒሜሽን በ1.175 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ለአማርኛ ያለው ችግር እውነተኛ ነው። ፈቃድ ያለው የአማርኛ ሰብታይትል በትልቆቹ መድረኮች የለም፣ የድሮው «ፈቃድ ሲገዛ እናቆማለን» የሚለው ሥነ ሥርዓትም ለእኛ መቼም አይደርስም። ያም ሆኖ የሚያስቀጣው መጠን ከፋይሉ ወደ ቪዲዮው ሲሄድ እጅግ ይጨምራል። ጽሑፉን ምስሉ ላይ አጣብቆ ሙሉውን ክፍል ቴሌግራም ላይ መጫን ማለት ባለ_አንቀጽ የጠቀሰው «እንዳለ» ማሰራጨት ነው። ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ መሰብሰብም ከጥቅምት 2020 ጀምሮ በጃፓን ለብቻው ወንጀል ነው፦ ገጹን የሚያስተዳድረው እስከ 5 ዓመት፣ ሊንኩን የሚለጥፈው እስከ 3 ዓመት። እያወቀ የሚያወርደውም ነፃ አይደለም። ለቪዲዮና ሙዚቃ ከ2010፣ ለማንጋ ከጥር 2021 ጀምሮ ተከልክሏል። ከብዙ ገጽ መካከል ጥቂት የማንጋ ሳጥን ማስቀመጥና የአድናቂ ሥራን ማውረድ ግን ከዚህ ውጭ ተደርገዋል፣ ሕጉ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነው።

የትርጉም እጁን ማፍታታት የሚፈልግ ሰው ከድሮዎቹ ይጀምር። የጃፓን ብሔራዊ የፊልም ማኅደር የጥንት አኒሜሽኖችን የሚያሳይ ድረ ገጽ በ2017 ከፍቷል፤ ከ1917 የተረፈውን ናማኩራ ጋታናን ማየት ይቻላል። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ የመብቱ ዘመንም አልፏል። የጊዜ ልኬት፣ በአንድ ስክሪን ሁለት መስመር፣ ሰው አንብቦ እስኪጨርስ መቆየት፤ እነዚህን ለመማር ይበቃል።

---

ተራኪ_ነኝ

ትረካ ግን የራሴ ቃል ነው። ድምፁ የእኔ፣ ጽሑፉ የእኔ፣ ምስሉ ተቆራርጧል። ይሄ እንዴት ከሙሉ ክፍል መጫን ጋር አንድ ይሆናል?

---

ሚዶሪ_ከቦሌ

ወንድሜ፣ የአንተ ጥያቄ ጃፓን ውስጥ በፍርድ ቤት ተመልሷል። እዚያ «ፋስት ፊልም» ይሉታል፦ አንድን ፊልም በ10 ደቂቃ ገደማ ከነመጨረሻው በትረካ ማቅረብ። በሰኔ 2021 የሚያጊ ፖሊስ ሦስት ሰዎችን አሰረ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር የሰንዳይ አውራጃ ፍርድ ቤት ሦስቱንም ጥፋተኛ አለ። በኅዳር 2022 ደግሞ 13 ኩባንያዎች ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ከሦስቱ ሁለቱ 500 ሚሊዮን የን እንዲከፍሉ ወሰነ። ስሌቱን ልብ በል፦ ፍርድ ቤቱ ለአንድ ዕይታ 200 የን ጉዳት ቆጠረ። ቪዲዮዎቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ታይተው ስለነበር ድምሩ ወደ 2 ቢሊዮን የን ይደርስ ነበር፤ ኩባንያዎቹ የጠየቁት ከዚያ ውስጥ 500 ሚሊዮኑን ብቻ ነው።

በግንቦት 2023 የታሰረው ሰው ደግሞ የስታይንስ ጌት ጨዋታን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ የጫነ፣ የስፓይ ፋሚሊ አኒሜንም አሳጥሮ ያቀረበ ነበር። መስከረም ላይ 2 ዓመት እስራት በ5 ዓመት ገደብና 1 ሚሊዮን የን ተፈርዶበታል።

ምክንያቱ አንድ ነው። ትረካህን አይቶ የጨረሰ ሰው ዋናውን ማየት አያስፈልገውም። ግምገማ ይህን አያደርግም። ግምገማ አንድ ትዕይንት ያነሳና «ዳይሬክተሩ እዚህ ድምፁን ለምን ቆረጠው» ይላል፤ ክሊፑ የሐሳቡ ማስረጃ ነው። የጃፓን ሕግ አንቀጽ 32 የጥቅስ ነፃነት የሚሰጠው ለዚህ ነው፦ ሥራው አስቀድሞ የታተመ ይሁን፣ የአንተና የእሱ ድንበር በግልጽ ይታይ፣ የአንተ ዋና የእሱ ተከታይ ይሁን፣ ከሚያስፈልገው አይብለጥ፣ ምንጩ ይጠቀስ። ለማረጋገጥ ክሊፖቹን በሙሉ አውጥተህ ድምፅህን ብቻ ስማው። የሚቀረው የታሪኩ ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ ትረካ ነው። የሚቀረው ክርክር ከሆነ ግምገማ ነው።

---

ስትራይክ_ፈቺ

የዩቲዩቡን አሠራር እኔ ልቀጥል፣ ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚያደባልቅ።

ኮንተንት አይዲ ክሌይም የዩቲዩብ ማሽን ራሱ አግኝቶ የሚያነሳው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ቻናሉን አይጎዳም፤ ገቢው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል ወይም ቪዲዮው በአንዳንድ አገር ይዘጋል። ፍጥነቱን 5 በመቶ መጨመር፣ ምስሉን በመስታወት መገልበጥ፣ ዙሪያውን ፍሬም ማድረግ የሚባሉት ዘዴዎች ችግሩን አይፈቱም፤ ሲነቃበት ደግሞ ሆን ተብሎ እንደተደበቀ ያሳያሉ። መጀመሪያ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ምስሉ ሳይሆን የመክፈቻ ዘፈኑ ነው። ዘፈን ሁለት መብት አለው፣ ግጥምና ዜማው የደራሲዎቹ፣ የተቀረጸው ድምፅ የሙዚቃ ኩባንያው። ጃስራክ የተባለው የጃፓን ማኅበር ከዩቲዩብ ጋር ውል ስላለው ዘፈኑን ራስህ ብትዘፍነው ግጥምና ዜማው ይሸፈናል፤ የተቀረጸውን ዋና ድምፅ መጠቀም ግን በዚያ ውል ውስጥ የለም።

ለክሌይም ዲስፒዩት (ተቃውሞ) ታቀርባለህ። ባለቤቱ 30 ቀን አለው። እምቢ ካለ አፒል (ይግባኝ) ትላለህ፣ ያኔ 7 ቀን አለው። ከዚያ በኋላ በሕጋዊ ጥያቄ ቪዲዮውን ሊያስወርደው ይችላል፤ ስትራይክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በእርግጥ የማትከራከርበትን ነገር አፒል አትበል።

ስትራይክ 90 ቀን ይቆያል፣ የቅጂ መብት ትምህርቱንም ትወስዳለህ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ይዘጋል። መውጫው ሦስት ነው፦ 90 ቀን መጠበቅ፣ ባለቤቱ እንዲያነሳው መለመን፣ ወይም መቃወሚያ ማስገባት። መቃወሚያ ቀላል ፎርም አይደለም። ሙሉ ስምህና አድራሻህ ለከሳሹ ይደርሰዋል፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ትስማማለህ፣ የምትለው እውነት ስለመሆኑም በሕግ ፊት ታረጋግጣለህ። ባለቤቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ቪዲዮውን ዝም ብሎ መሰረዝ ስትራይኩን አያነሳም።

---

የሺ_ማንጋ

በአሜሪካ ፌር ዩዝ ካለ፣ የጃፓን ኩባንያ እንዴት የአሜሪካ መድረክ ላይ ያስወርዳል?

---

ስትራይክ_ፈቺ

ያስወርዳል፣ ግን ወሰን አለው። በታኅሣሥ 2021 ቶኤይ አኒሜሽን የአንድ የድራጎን ቦልና የዋን ፒስ ገምጋሚ 150 ገደማ ቪዲዮዎችን በአንዴ አስወረደ። በጥር 2022 ዩቲዩብ መፍትሔ ያደረገው እንዲህ ነው፦ በጃፓን ሕግ ጥሰት የሆነው በጃፓን ይዘጋ፣ ፌር ዩዝ ወይም ተመሳሳይ ነፃነት ባለበት አገር ይታይ። ሰውየው የራሱ ትንተና ስለነበረው ነው ይህ የሆነለት፤ ለትረካ ቻናል ምሳሌ አይሆንም።

ፌር ዩዝ ራሱ አራት መመዘኛ ያለው የፍርድ ቤት መከራከሪያ እንጂ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም። መግለጫው ሥር «ለትምህርት ብቻ፣ ፌር ዩዝ» ብሎ መጻፍ ምንም አይለውጥም።

ለዳያስፖራዎቻችን፦ እስራኤል በ2007 ባወጣችው ሕግ አንቀጽ 19 የአሜሪካን የሚመስል ፌር ዩዝ አላት። ጀርመን ከ2021 ጀምሮ ለፓሮዲና ለፓስቲሽ (የሌላን ስልት አስመስሎ ለመሥራት) የተለየ አንቀጽ አላት። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያም ለተጠቃሚ ለጥቅስ፣ ለትችትና ለፓሮዲ ቦታ ይሰጣል። ተመሳሳይ ቪዲዮ ቴል አቪቭና ቶኪዮ ላይ አንድ ሕጋዊ ዕጣ የለውም።

---

ቡና_በወረቀት

አዲስ አበባስ? ከጃፓን መጥቶ የሚከሰን አለ?

---

ባለ_አንቀጽ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ተመልከት፣ ይህኛው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው። አንቀጽ 3 ጥበቃ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያንና እዚህ ለሚኖሩ ደራሲዎች፣ መጀመሪያ እዚህ ለታተመ ወይም ውጭ ከታተመ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም ለታተመ ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በፈረመቻቸው ስምምነቶች ለሚጠበቅ ሥራ ነው። የውጭ አኒሜ ከእነዚህ በአንዱ በር መግባት አለበት። ሰዎች «ማንም አይነካንም» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ ቻናሉ ያለው በአሜሪካ መድረክ ነው፤ የሚመራው በ1998ቱ የአሜሪካ ዲጂታል ሕግ እንጂ በአዋጁ አይደለም። ከአዲስ አበባ የተጫነ ቪዲዮ ልክ ከቺካጎ እንደተጫነው ይወርዳል፣ የተጠራቀመው ገቢም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ አዋጁ የአንተን ሥራ ይጠብቃል። ራስህ የፈጠርከው የአማርኛ ማንጋ ሙሉ ጥበቃ አለው፤ ሆን ብሎ የሚጥሰውን ሰው አንቀጽ 36 ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል።

በጃፓንም የአድናቂ ሥራ ባለቤት አልባ አይደለም። በጥቅምት 2020 የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ የዶጂንሺ ሠሪዋን መጻሕፍት ያለ ፈቃድ የለጠፈ ድረ ገጽ ወደ 2.2 ሚሊዮን የን እንዲከፍላት ወስኗል። ድረ ገጹ «እሷ ራሷ ሰርቃ የሠራችውን ነው የለጠፍነው» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ እሷ የጨመረችው የራሷ ነው።

---

ተራኪ_ነኝ

ትረካውን ትቼ ወደ ግምገማ ልዙር ካልኩ፣ ያለ ክሊፕ ምስል ከየት ይመጣል? ባዶ ስክሪን ማንም አያይም።

---

ሚዶሪ_ከቦሌ

ከጊብሊ ስቱዲዮ ጀምር። ከመስከረም 2020 ጀምሮ ስቱዲዮው የፊልሞቹን ምስሎች በራሱ ድረ ገጽ ለቋል። በመጀመሪያው ዙር ከ8 ፊልሞች 400 ምስል ነበር፣ ከዚያ ከ1,000 አለፈ። በአግባቡ እስከሆነ ድረስ በነፃነት እንድትጠቀም ፈቅደዋል። ለአንድ የ12 ደቂቃ ግምገማ ከአንድ ፊልም 15 ምስል ይበቃል፤ ቀስ ብሎ የሚጠጋ እንቅስቃሴ ጨምርበት፣ የምስሉ አንድ ጥግ ላይ የፊልሙን ስምና ዓመት ጻፍ። የፊልሙን ሙዚቃ አታስገባ፣ ፈቃዱ ስለ ምስሎቹ ብቻ ነው።

ለሌሎቹ አኒሜዎች ደግሞ ስለ አሠራሩ ስትናገር ራስህ ሣለው። የካሜራውን አቀማመጥ በአራት ማዕዘንና በቀስት ብቻ ማሳየት ይቻላል፤ ገጸ ባሕርዩ የት ቆሞ ነበር፣ ብርሃኑ ከየት መጣ። ክሊፕ ግድ የሚሆንበት ቦታ እንቅስቃሴው ራሱ መከራከሪያ ሲሆን ነው። ያኔ ጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ከላዩ ንግግርህ ሳይቋረጥ፣ ዘፈኑ ጠፍቶ።

---

ቀለም_በጥብጥ

የጊብሊ ምስሎች ላይ የአማርኛ ጽሑፍ መጨመርስ ይቻላል? ለምሳሌ የንግግር አረፋ።

---

ሚዶሪ_ከቦሌ

ምስሉን ከምትገልጭበት ጽሑፍ ነጥለሽ አስቀምጪው፣ ከሥር ወይም ከጎን። አረፋ ስትጨምሪ ገጸ ባሕርዩ ያላለውን እንዲል ታደርጊያለሽ፣ ያ ደግሞ አንቀጽ 20 ጋር ያደርስሻል። ከሥር የሚገባው ጥቁር ሰሌዳ የስክሪኑን አንድ አምስተኛ ያህል ከሆነ የአማርኛ ፊደል በስልክም በደንብ ይነበባል።